ደግ ጎረቤት ሲሞት

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከአንተ በር ፊት ለፊት ያለውን በር ዘግቶ የሚያድረውን ሰው ስሙን ታውቀዋለህን? (እኅቴ ሆይ፣ አንተ ስል አንቺንም መጨመሬ ነው።) ተማሪ ብትሆን ከመጽሐፍህ ጋር ስትታገል ታመሻለህ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን ጧት በጨለማ ለታክሲ ተሰልፈህ ማታ በጨለማ ትመለሳለህ። ስለዚህ «አላውቀውም» ብትለኝ አልፈርድብህም፤ እኔም ብዙ ዘመን እንዳንተው ነበርሁ። ዛሬ የማጫውትህ ግን ሁላችንንም በስማችን ያውቁን ስለ ነበሩ፣ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ስለ ተለዩን አንድ ጎረቤቴ ነው።

ስማቸውን አልጽፍልህም። ባለቤታቸው «ስሙን በወረቀት ብታወጣው ከመቃብሩ ተነሥቶ ይቆጣሃል» ስላሉኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። ፎቶግራፍም ቢሆን ለመታወቂያ ከተነሡት በቀር አልተገኘም። በሰፈራችን ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ጸሐፊ» ይላቸው ነበርና እኔም እንደዚሁ እላቸዋለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋይል ሲያወጡና ፋይል ሲመልሱ ኖረዋል። ሹመት አላገኙም፤ የፈለጉም አይመስለኝም። ጸሐፊ የተባሉትም በመሥሪያ ቤታቸው ሥራ ሳይሆን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለ ነበሩ ነው።

መገናኛን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከአራት ኪሎ በቀበናና በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል የሚመጣው መንገድ፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚመጣው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና፣ ከቦሌ የሚመጣው ቀለበት መንገድ፣ እንዲሁም ከኮተቤና ከሲኤምሲ የሚመጡት ሁሉ እዚያ ይገናኛሉና ስሙና ግብሩ አንድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው የቀላል ባቡር መሥመር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ባቡሩም ተጨመረበት። ነገር ግን አብዛኛው ሰው መገናኛን የሚያውቀው እንደ መተላለፊያ ነው፤ ከአንዱ ታክሲ ወርዶ ወደ ሌላው ይሮጣል። «ሰው ይኖርበት ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን ከዚያ ግርግር ጀርባ፣ ወደ ሾላ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ ሰፈር እንኖር ነበር። የጭቃ ቤቶች፣ የቆርቆሮ አጥር፣ በጋራ የምንቀዳበት አንድ ቧንቧ፣ ክረምት ሲገባ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚሰጥምበት ጭቃ። እውነቱን ለመናገር ውብ ሰፈር አልነበረም።

ጋሼ ጸሐፊ በዚያ ሰፈር በረንዳቸው ላይ አንዲት ጠረጴዛ ነበረቻቸው። ከሥራ ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እዚያ ይቀመጣሉ። ማመልከቻ የሚያጽፍ ይመጣል፤ ከልጁ የመጣለትን ደብዳቤ የሚያስነብብ ይመጣል፤ የቤቱን ቁልፍ አደራ የሚሰጥም ይመጣል። የእጃቸው ጽሕፈት እንደ ብራና ጽሕፈት የተስተካከለ ነበር። ለማመልከቻው ዋጋ አይቀበሉም፤ ነገር ግን ሰውዬው አዲስ ወረቀት ገዝቶ ካልመጣ አይጽፉለትም ነበር። መብራት ሲጠፋ ፋኖሳቸውን አብርተው በጠረጴዛዋ ጥግ ያስቀምጣሉ፤ እኛ ተማሪዎቹም ደብተራችንን ይዘን እንሄዳለን። እሳቸው የእድሩን መዝገብ ሲጽፉ፣ እኛ የሂሳብ ጥያቄያችንን ስንሠራ፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሁለት ሰዓት ያልፍ ነበር። እኔ የመሰናዶ ትምህርቴን የጨረስሁት በዚያ ፋኖስ ነው ብል ብዙ ማጋነን አይሆንብኝም።

ደግ ነበሩ ስልህ ግን ለስላሳ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ግትር ነበሩ። ለቀብር ያልመጣን ሰው ያለ ርኅራኄ ይቀጡ ነበር፤ አንድ ጊዜ የገዛ ባለቤታቸውን ወንድም ቀጥተውት ሁለት ዓመት ያህል ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሰላምታቸው እንኳ አጭር ነበር፤ «ደኅና?» ይላሉ፤ መልሱን ሰምተው ያልፋሉ። ልዩነታቸው መልሱን መስማታቸው ነበር።

እድርን ለአንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ቢሆንም በዛሬው ጊዜ «እድር የሽማግሌዎች ነገር ነው» የሚል ወጣት ስለ በዛ፣ ትንሽ ብናገር አትታዘበኝ። ጉዳዩን ያጠኑት ብዙዎቹ እንደሚሉት፣ ዛሬ በከተማ የምናውቀው ዐይነት እድር ያደገው በ20ኛው መቶ ዘመን ከአዲስ አበባ እድገት ጋር ነው። ሰው ከየሀገሩ፣ ይልቁንም ከጉራጌ ምድር፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲመጣ ዘመዱን ትቶ ነው የመጣው። በሀገር ቤት ቢሞት ሬሳውን የሚያነሣ ወገን አለው፤ በከተማ ግን ማን አለው? ጎረቤቱ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፣ ሰው ከመቼውም ይልቅ እርስ በርሱ መተሳሰብ ሲያስፈልገው እድር ይበልጥ ተስፋፋ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ወጥቶ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ብዙው የሰፈር ጉዳይ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ለእድር ቀብሩ ቀረለት። በ1990ዎቹ ደግሞ በኤድስ ምክንያት ቀብር ሲበዛ፣ በብዙ ቦታ እድሮች ሙታንን ከመቅበር አልፈው በሽተኛ ወደ ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት ገቡ። የኢኮኖሚ ሊቁ ስቴፋን ዴርኮንና አሉላ ፓንክረስት ያሉባቸው ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በታንዛንያ ያሉት እንዲህ ያሉት ማኅበራት የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የታወቀ መዋጮ ያላቸው መሆናቸውን አስረድተዋል። ጋሼ ጸሐፊ ይህን ቢሰሙ «ታዲያ ያለ መዝገብ እንዴት ይሆናል?» ይሉ ነበር።

የእኛ እድር መዋጮ በ1998 ዓ.ም. በወር አሥር ብር ነበር። ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ስሙ ይሰረዛል። ስሙ የተሰረዘ ሰው ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን አይተከልለትም፤ ወንበርና ብረት ድስት አይወጣለትም፤ ጡሩንባ አይነፋለትም። ይህ ጭካኔ ይመስልሃል፤ ግን አስበው፤ ሁሉም ሳይከፍል ቢቀር ድንኳኑን ማን ይገዛዋል?

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር እናቴ ዐረፈች። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ አባቴ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለ ነበር እናቴ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነበር የምታሳድገን። የታመመችው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ምጣዱ ከቀዘቀዘ በኋላ በቤታችን ምን ያህል ገንዘብ እንደ ነበረ እኔ አላውቅም፤ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጡሩንባው ተነፋ። ሳይነጋ ድንኳኑ ቆመ። ሴቶቹ ውኃ ቀድተው፣ ቡና ቆልተው፣ ንፍሮ ቀቅለው ነበር። ሬሳው ወጥቶ ከቀብር ስንመለስ እጅ የሚያስታጥቡ ሰዎች በራፉ ላይ ቆመው ነበር። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ በድንኳኑ ውስጥ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ጸሐፊ ጠሩኝና ከእድሩ የሚሰጠውን ገንዘብ በፖስታ አድርገው ሰጡኝ፤ በመዝገቡም ላይ አስፈረሙኝ። «ቁጠረው» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ» ብላቸው፣ «ግድ አለ፤ ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርሁ። ከዚያ በኋላ ትከሻዬን አንድ ጊዜ ነክተውኝ ሄዱ። ሌላ የማጽናኛ ቃል አልተናገሩም።

በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀመረ። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ቦሌ ያሉት መንገዶች ሰፉ፤ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፤ መብራት ተተከለ፤ አበባም ተተከለ። ዛሬ በዚያ ስታልፍ ያምርሃል፤ እኔንም ያምረኛል። በየአካባቢው ከተነሡት ሰፈሮች አንዱ የእኛ ነበር። ጎረቤቶቼ እንደየዕጣቸው ተበተኑ፤ አንዳንዱ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ አንዳንዱ ወደ ገላን ጉራ፣ አንዳንዱም ወደ አያት ሄደ። ጋሼ ጸሐፊ ወደ የካ አባዶ ወደ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ። መዝገቡን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ራሳቸው ተሸከሙት።

ታዲያ እድሩ ምን ይሁን? በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ክርክሩ ጠንካራ ነበር። ግማሹ «ገንዘቡን ተካፍለን እናፍርሰው፤ ከአራብሳ ተነሥቶ ማን ማንን ይቀብራል? በሄድንበት አዲስ እድር እንገባለን» አለ። ምክንያቱ ቀላል አልነበረም፤ ለአዲስ እድር መግቢያ የሚከፈለው ብዙ ነውና ገንዘቡ ያስፈልግ ነበር። ጋሼ ጸሐፊ የተናገሩት ጥቂት ነው። «ድንኳኑ ይሸጣል። ወንበሩም ይሸጣል። ይህ ሰው ግን ሃምሳ ዓመት አብሮ ለቅሶ የተቀመጠ ነው፤ እሱን ማን ይገዛዋል?» አሉና ተቀመጡ። ነገሩ ሳይወሰን ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ወደ ሩቅ ሀገር ልውሰድህ። ከሮማ በስተ ደቡብ ላኑቪዩም በምትባል ከተማ በ136 እ.ኤ.አ. በእብነ በረድ የተቀረጸ የአንድ ማኅበር ደንብ አለ። ማኅበሩ የቀብር ማኅበር ነው፤ ከአባላቱም መካከል ባሮች ነበሩበት። መግቢያው መቶ ሴስተርስና አንድ እንስራ ጥሩ የወይን ጠጅ ነው፤ በየወሩም አምስት አስ የሚባል ሳንቲም ይከፈላል። አባሉ ሲሞት ሦስት መቶ ሴስተርስ ለቀብሩ ይወጣል፤ ወርኃዊውን በተከታታይ ሳይከፍል የቆየ ግን መብት የለውም። እስከዚህ ድረስ የእኛው እድር ነው ትላለህ። እኔን ያስገረመኝ ሌላው አንቀጽ ነው፤ ይኸውም ከከተማይቱ ከሃያ ማይል በላይ ርቆ የሞተ አባል ቢኖርና ወሬው ቢደርስ፣ ከማኅበሩ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ሄደው እንዲቀብሩት የሚያዘው ነው። እንግዲህ የመበተን ነገር ዛሬ በእኛ የተጀመረ አይደለም፤ በዚያም ዘመን ሰው ከሰፈሩ ርቆ ይሞት ነበር።

ጋሼ ጸሐፊ በጥር ወር አንድ ሐሙስ ሌሊት ዐረፉ። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ጡሩንባ ቢነፋ ማን ይሰማል? የሚሰማውስ ማን መሆኑን ያውቃል? የድሮው ጡሩንባ ነፊያችን በዚያን ጊዜ በገላን ጉራ ነበር። ልጃቸው ስልክ ደወለለት፤ እሱም በመዝገቡ ጀርባ ሟቹ ራሳቸው በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈታቸው የጻፉትን የስልክ ቁጥር በቴሌፎን እያስነበበ፣ ለሁሉም አንድ በአንድ ሲደውል አደረ። በማግሥቱ ከጧቱ በሁለት ሰዓት መገናኛ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ እንድንገናኝ ተባለ።

እኔ የምመጣው ሰው ከአሥር የማይበልጥ መስሎኝ ነበር። ስደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። ከአያት በባቡር የመጣ አለ፤ ከአራብሳ በሌሊት ተነሥቶ ሁለት ታክሲ የቀየረ አለ፤ ዐይናቸው የማያይ አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው እጅ ተመርተው መጥተዋል። በሰፈራችን የነበሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አንዳቸው አልቀሩም። ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ «ምንድን ነው ነገሩ?» እያለ ያየን ነበር። ጋሼ ጸሐፊ በመቀጫ ምክንያት ሁለት ዓመት ያልተነጋገሯቸው የባለቤታቸው ወንድም ከሁሉ ቀድመው ደርሰው፣ አውቶቡስ ተከራይተው ይጠብቁ ነበር።

ከየካ አባዶ ሬሳውን ይዘን ወደ የካ ሚካኤል ስንመለስ በመገናኛ አለፍን። የድሮው ሰፈራችን አጠገብ ስንደርስ ሴቶቹ «እባክህ ቤቱ ደጃፍ አንድ ጊዜ ቁምልን» ብለው ሹፌሩን ለመኑት። ቤት የለም፤ ደጃፍም የለም። ያለው ንጹሕ የእግረኛ መንገድና አዲስ የተተከለ ዛፍ ነው፤ መኪና እንዲቆምበትም አልተፈቀደም። ሹፌሩ ሳይቆም ፍጥነቱን ቀነሰ። በረንዳው የነበረበትን ቦታ እኔ ይህ ነው ስል ሌላው ያ ነው አለኝ፤ ሳንስማማ አለፍነው።

ከሰማንያው በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። የማፍረሱን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ባለቤታቸው መዝገቡን በብርድ ልብሱ እንደ ተጠቀለለ አምጥተው ለሰብሳቢው አስረከቡ። ሒሳቡ ሲመረመር አንድ ነገር ታየ። የተከፈለው ሁሉ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ በአንዳንድ ስም ፊት ግን ከቀለሙ በታች በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አለች። ገንዘብ ያዡ ምን እንደ ሆነች ቢጠይቁ ባለቤታቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ያን ጊዜ ሰውዬው ሳይከፍል ቀርቶ እሱ ከደመወዙ የከፈለለት ነው» አሉ። መዝገቡ ተገላበጠ። ነጥቧ ብዙ ቦታ ነበረች። በ1998 ዓ.ም. ገጽ፣ በእናቴ ስም ፊት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አራት ነጥብ አገኘሁ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉም አለቀሰ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይልህ ነበር። የሆነው ግን ክርክር ነው። አንድ ሽማግሌ «መዝገብ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ የለበትም፤ ጸሐፊ የራሱን ርኅራኄ በእድሩ ደብተር አይጽፍም» አሉ። ሌላው «ከኪሱ ከፈለ እንጂ ከእድሩ ወሰደ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ በሾላ ገበያ ጉልት ይሸጡ የነበሩ አንዲት እናት ተነሡ። «እኔ በዚያ ዘመን መዋጮውን ለመክፈል ጋቢዬን ሸጫለሁ። አንድ ቀን ቢዘገይብኝም ቀጥቶኛል። ለእኔስ ለምን ነጥብ አላደረገልኝም? አለመብላቴን አላየም ነበር?» አሉ። ይህን የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነበር።

መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ ሳስበው እውነታቸውን ነው እላለሁ። ጋሼ ጸሐፊ ያዩትን ረድተዋል፤ እኒህ ሴት ደግሞ ችግራቸውን አጥብቀው የሚደብቁ ስለ ነበሩ አልታዩም። በሥውር የሚደረግ ደግነት ሠሪው ባየበት ብቻ ይደርሳል። ይህን ሳውቅ ለእሳቸው ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም፤ በእናቴ ስም ፊት ያሉትን አራት ነጥቦች ሌላ ሰው አልጻፋቸውምና።

ስብሰባው የወሰነው ይህ ነው፦ ከእንግዲህ መክፈል ያቃተው አባል ለሰብሳቢው በግልጽ ይነግራል፤ እስከ ሦስት ወር ከእድሩ ተቀማጭ ይሸፈንለታል፤ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ግን ተከልክሏል። ሩቅ ቦታ ሐዘን ሲደርስም በቅርብ ያሉት ሦስት አባላት ወዲያው ይሄዳሉ፤ ሌላው በመገናኛ ተሰብስቦ ይከተላል። (ስለ ላኑቪዩም እኔ አልነገርኋቸውም፤ ራሳቸው ያሰቡት ነው።) ነጥቧ እንድትከለከል ድምፅ ሲሰጥ እጃችንን ያላነሣነው እኔና የባለቤታቸው ወንድም ብቻ ነበርን። ስብሰባው በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ እንዲሆን ተቀጠረ፤ የዘገየ ሰው እንደ ቀድሞው ይቀጣል።

ከስብሰባው በኋላ አርባ ብር ቆጥሬ ለባለቤታቸው ልሰጥ ሄድሁ። «እኔ ምን አገባኝ? ለእድሩ ክፈል» አሉኝ። ለገንዘብ ያዡ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የ1998ን ገጽ አወጡ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ሰማያዊውን ቀለም በጣታቸው ተከትለው አነበቡና መዝገቡን ዘጉት። «ይህ ተከፍሏል፤ ለአንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ደረሰኝ አልቆርጥም» ብለው ብሩን መለሱልኝ። እስካሁን በፖስታ እንደ ታሸገ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።